አስተናግር፦ ከሌለ ሰው ጋር የሚያስወራ ተክል
ከክፍላችን ኋላ ቆሻሻ መጣያው ላይ የሚበቅለውን፣ ፍሬው እሾሃማ የሆነውን አስተናግር ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አጤ ፋሪስም እንለዋለን። ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል። ውስጡ ያሉት አትሮፒንና ስኮፖላሚን አሴቲልኮሊን የተባለውን የነርቭ መልእክተኛ ሥራ ያግዳሉ። አፍ ይደርቃል፣ የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ሰውነት ይግላል፣ ልብ በፍጥነት ይመታል፤ ሽንትም እምቢ ይላል። ሰውየው ከሌለ ሰው ጋር ያወራል፤ ቅዠት መሆኑን ግን አያውቅም።

"ለሞቅታ ነው" እያሉ ፍሬውን የሚቀምሱ ተማሪዎች አሉን። የመርዙ መጠን ከፍሬ ፍሬ ይለያያል፤ ስለዚህ "ትንሽ ብቻ" የሚባል ነገር የለም። በ2019 እ.ኤ.አ. በዩጋንዳ ካራሞጃ የእርዳታ ገንፎ ዱቄት በነዚሁ መርዞች ተበክሎ ወደ 300 ሰዎች ታመሙ፣ 5 ሞቱ። ማብሰሉም አላዳናቸውም።

የቀመሰ ልጅ ካያችሁ፣ ወተት እናጠጣው ሳትሉ፣ የተክሉን ቁራጭ ይዛችሁ ወዲያው ክሊኒክ አድርሱት።