ተመልካቹን የሚከሱ ግጥሞች

የጦርነት ግጥም ሲባል ለእኛ ጆሮ ቀድሞ የሚመጣው ፉከራና ቀረርቶ ነው፤ ጀግናን ያወድሳል፣ ፈሪን ያሳፍራል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ የዳበረው የምስክርነት ግጥም ግን ጣቱን የቀሰረው ቤቱ ተቀምጦ ወሬውን በሚሰማው ሰው ላይ ነው። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንግሊዛዊው መኮንንና ገጣሚ ሲግፍሪድ ሳሱን በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በ1917 «ከእንግዲህ አልዋጋም» የሚል መግለጫ ሲያወጣ፣ አገር ቤት ያለው ሕዝብ እሱ የማይቀምሰውን ስቃይ በግድየለሽነት ማየቱን ወቀሰ። መግለጫው ፓርላማ ውስጥ ተነበበ። እሱን ግን ጦር ፍርድ ቤት ከማቅረብ ይልቅ አእምሮው ታውኳል ብለው ኤዲንብራ አጠገብ ወዳለ ሆስፒታል ላኩት፤ ከገጣሚው ዊልፍሬድ ኦወን ጋር የተዋወቀውም እዚያው ነው። ኦወን በመርዝ ጋዝ ስለሚታፈን ወታደር የጻፈውን ግጥም በረቂቁ ላይ በምጸት ያበረከተው ለጄሲ ፖፕ ነበር፤ ፖፕ ወጣቱን ለዘመቻ በሚቀሰቅሱ ስንኞቿ የታወቀች ናት። ኦወን ጦርነቱ ሊያበቃ ሳምንት ሲቀረው ተገደለ። መርዶው እናቱ ዘንድ የደረሰው የሰላም ደወል በሚደወልበት ቀን ነው። አየርላንዳዊው ዬትስ በ1936 ባዘጋጀው የግጥም መድበል ግን ኦወንን አላስገባውም፤ እንዲሁ የሚሸከሙት ስቃይ ለግጥም አይሆንም ባይ ነበር። ዬትስ ትልቅ ገጣሚ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ተሳስቷል።

እንግሊዛዊው ገጣሚ ኦደን በ1938 ብራስልስ ውስጥ የሠዓሊውን የብሩገልን ሥዕል አይቶ የጻፈው ግጥም ጦርነትን በስሙ አይጠራም፤ የሚያሳየው ግን ያንኑ የተመልካች ግድየለሽነት ነው። ሥዕሉ ላይ የግሪክ አፈ ታሪኩ ኢካሩስ ባሕር ውስጥ ሲሰምጥ ገበሬው ያርሳል።

በ1943 የፋሲካ ሰሞን ዋርሶ ውስጥ የታየው ከሥዕልም ይብሳል። የአይሁዶቹ ጌቶ እየነደደ፣ ከግንቡ ወዲህ አደባባዩ ላይ ልጅ አዋቂው የሚሳፈርበት የሚሽከረከር መጫወቻ ከነሙዚቃው ይዞር ነበር። ፖላንዳዊው ገጣሚ ቼስዋቭ ሚዎሽ ይህን በ1600 ሮም ውስጥ በእሳት ከተቃጠለው ከጆርዳኖ ብሩኖ ጋር አያይዞ ጻፈው፤ ብሩኖ የተቃጠለበት አደባባይ ዛሬም ገበያ ነው። ግጥሙ በ1944 በሕቡዕ ታተመ። ኋላ ላይ ሚዎሽ ራሱ ግጥሙን አነወረው፤ ስለሚሞቱ ሰዎች የተጻፈው ከተመልካች ቦታ ነውና። ገጣሚው መጫወቻው ላይ ከተሳፈረው ሰው በምን ይለያል? ለእኔ ከዚህ የከበደ ጥያቄ በዘርፉ የለም።

ሃንጋሪያዊውን ገጣሚ ሚክሎሽ ራድኖቲን ግን ይህ ጥያቄ አይነካውም። በ1944 በግዳጅ ጉዞ ላይ ተረሽኖ በጅምላ ተቀበረ፤ በ1946 አስከሬኑ ሲወጣ ኮቱ ውስጥ የመጨረሻ ግጥሞቹ ያሉበት ደብተር ተገኘ።

«የምስክርነት ግጥም» የሚለውን ስያሜ ያስለመደችው አሜሪካዊቷ ካሮሊን ፎርሼ ናት፤ ትልቁን መድበሏን በ1993 አሳተመች። ከዛሬዎቹ ገጣሚዎች መካከል ኦዴሳ የተወለደው ኢልያ ካሚንስኪ ይጠቀሳል። ሩስያ በ2022 ዩክሬንን ስትወር፣ በጦርነት ጊዜ ተመችቶት ስለሚኖር ሕዝብ የጻፈውን ግጥም ሰው በማኅበራዊ ሚዲያ ተቀባበለው። ግጥሙ የሚናገረው «እኛ» እያለ ነው፤ የተከሰሰው እንግዲህ አጋሪው ራሱ ነበር።

ዘርፉን ማወቅ የሚፈልግ አንባቢ ከሚዎሽ ይጀምር፤ ኦወን ቀጥሎ ይደርሳል።