ኪቦርዱ ለምን ዝም አለ?

እዚህ ኦዳ በእርዳታ ባገኘነው ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስ 7 ልንጭን ስንሞክር ኪቦርዱ መጀመሪያ በደንብ ሠራ። ቋንቋ ምረጡ የሚለው ገጽ ሲመጣ ግን ዝም አለ፤ ማውሱም እንደዚያው። ተበላሽቷል ብለን ልንጥለው ነበር። ኪቦርዱ ግን ጤነኛ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ገና ሲበራ ኪቦርዱን የሚያነበው ባዮስ ነው። መጫኛው ሲጀምር ሥራውን ከባዮስ ይረከባል፤ ያኔ የራሱ ድራይቨር ያስፈልገዋል። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው ዊንዶውስ 7 ደግሞ የዩኤስቢ 3.0 ድራይቨር የለውም።

ምን እናድርግ?

1. ገመዱን ከሰማያዊው ቀዳዳ ነቅላችሁ ጥቁሩ ላይ ሰኩት፤ ጥቁሩ ብዙ ጊዜ ዩኤስቢ 2.0 ነው።
2. ክብ የፒኤስ 2 ቀዳዳ ካለ የድሮውን ኪቦርድ ተጠቀሙ፤ ስትሰኩት ግን ኮምፒውተሩ ይጥፋ።
3. ኡቡንቱን ሞክሩ፤ ድራይቨሩ አብሮት አለ።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በጃንዋሪ 2020 እ.ኤ.አ. ስላቆመ፣ ኢንተርኔት ሳታስገቡ ለትየባ ብቻ ያዙት።

እኛ ጥቁሩ ላይ ስንሰካው የኪቦርዱ መብራት በራ። አንድ ኪቦርድ ለስንት ልጅ እንደሚዳረስ ታውቃላችሁና፣ ከመወርወራችሁ በፊት ቀዳዳውን ቀይሩ።