ለላስታ ሯጭ እግር የሚሆን ጫማ

ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከበላይዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። ሯጭ የሚመኘው ስስ አየርና ዳገት እዚህ ሞልቷል፤ የሚቸግረው እግር ለክቶ የሩጫ ጫማ የሚሸጥ ሰው ማግኘት ነው። ልጁ ጫማውን ከቅዳሜ ገበያ፣ ከሰልባጅ ክምር ወይም ወልዲያና ደሴ ከወረደ ዘመድ ይጠብቃል። ዘመድ ሲሄድም የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ቁጥርህ ስንት ነው?»

ቁጥሩ ግን ብዙ አይናገርም። በአገራችን ገበያ የለመድነው የአውሮፓ ቁጥር የሚነሣው ከፎርማው ርዝመት ነው፤ ፎርማ ማለት ጫማው ሲሠራ የሚወጠርበት የእግር ቅርጽ ነው። አንድ ቁጥር የሴንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛ ስለሆነ 42 ቁጥር 28 ሴንቲ ሜትር ፎርማ ይሆናል። እግሩ ከዚያ አጥሮ ለጣቶች መፈናፈኛ መትረፍ አለበት። መፈናፈኛውን ሁሉም ፋብሪካ እኩል አይተውም፤ ስለዚህ የአንዱ 42 የሌላውን 41 ያህል ሊጠብ ይችላል። ስለ ስፋትማ ቁጥሩ ምንም አይልም።

የእኛን ልጆች የሚጎዳቸው ደግሞ ስፋቱ ነው። በባዶ እግሩ ከብት ሲያግድ ያደገ ልጅ እግሩ ከፊት ሰፋ፣ ጣቶቹም ዘርዘር ይላሉ። ጠባብ ጫማ ሲገጥመው ስፋት ፍለጋ ቁጥር ይጨምራል። ያኔ ርዝመቱ ይተርፍና ተረከዙ ይንሸራተታል፣ ውኃ ይቋጥራል። ቁልቁለት ላይ እግሩ ወደ ፊት እየሸሸ ጥፍሩ ይጠቁራል። በላስታ ቁልቁለት የሌለበት መንገድ የት ይገኛል?

ጫማ ለእግር ልክ መሆን እንዳለበት ከአበበ ቢቂላ በላይ ምስክር የለም። ለሮም ኦሎምፒክ ከአዲዳስ የቀረቡለት ጫማዎች ስላልተስማሙት፣ በልምምድ እንደለመደው በባዶ እግሩ ለመሮጥ ወሰነ። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲሱ ዓመት ዋዜማ፣ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ይህን ታሪክ አንዳንዶች የድህነት ምልክት አድርገው ሲተርኩት ይከፋኛል። እግሩን የሚያውቅ ሯጭ የማይሆነውን ጫማ አልቀበልም ያለበት ውሳኔ ነው። ጫማ ጠልቶም አልነበረም፤ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ዳግም ሲያሸንፍ ጫማ ተጫምቶ ነበር፤ ሰዓቱም ወደ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ወረደ።

በሌላው ዓለም ጥሩ የጫማ ሱቅ ደንበኛውን ብራኖክ በሚባል የብረት መለኪያ ላይ ያቆመዋል። አሜሪካዊው ቻርለስ ብራኖክ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የሠራው ይህ መሣሪያ የእግሩን ርዝመት፣ ስፋቱን፣ ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት ሥር ያለውንም ልክ ያሳያል። መሣሪያው ባይኖርም ሥራው በወረቀትና በእርሳስ ይሠራል። እግር ውሎ ሲያመሽ ስለሚያብጥ የሚለካው ወደ ማታ ነው። ካልሲ አድርጎ፣ ተረከዝን ግድግዳ አስነክቶ፣ ወረቀት ላይ ቆሞ ዙሪያውን ማስመር ነው። ሁለቱም እግሮች ይለካሉ፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ስለሚበልጥ ጫማው ለትልቁ ይገዛል። በብዙ የሩጫ ጫማ ምላስ ላይ ከአውሮፓው ቁጥር ጎን በሴንቲ ሜትር የተጻፈ ልክ አለ። እግሩ 25.5 ከወጣ 26 ወይም 26.5 ከተጻፈበት መሞከር ይጀመራል።

ዘመድ ወደ ከተማ ሲሄድም ቁጥሩን በቃል ከመንገር ዙሪያው የተቆረጠውን ወረቀት ማስያዝ ይሻላል። ከጫማው ውስጥ የሚወጣውን ንጣፍ አውጥቶ ወረቀቱን ይደርብበታል። ወረቀቱ በጎን ካለፈ ጫማው ጠባብ ነው፤ ከፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ንጣፍ ከተረፈ ርዝመቱ ደኅና ነው። ልጁ ራሱ ካለ ግን ወረቀቱ አይበቃም፤ አስሮ ቁልቁል ይሩጥበት። ጣቱ ጫፉን ከነካ፣ ተረከዙም ከተነሣ ይመልሰው።

ሰልባጅ የሚገዛ ሰው ሶሉን ብቻ አይቶ አይታለል። ከሶሉ በላይ ያለው ስፖንጅ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ከተሮጠበት በኋላ ጉልበቱ ያልቃል፤ ከላይ ታጥቦ አዲስ ይመስላል። ጎኑ ላይ ጥልቅ ሽብሽብ ካለ፣ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥም ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ማለፍ ነው። የዝነኞቹን ጫማ መመኘትም አይጠቅምም። ትዕግሥት አሰፋ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችበት ጫማ ክብደቱ 138 ግራም፣ ዋጋው 500 ዶላር ነበር፤ የተሠራውም ለአንድ ማራቶን ያህል እንዲያገለግል ነው። የላስታ ጠጠር የሚፈልገው መሬት የሚይዝ ጎማና ከፊት የሚተጣጠፍ ሶል ነው።

የስፖርት መምህራን ይህን ሥራ ቢጀምሩት እወዳለሁ። የእያንዳንዱን ልጅ እግር በየመንፈቀ ዓመቱ ለክተው በአንድ ደብተር ቢመዘግቡ፣ ጫማ ልለግስ የሚል ሰው ሲመጣ ከቁጥሩ ጋር ስፋቱን ጭምር ይሰጡታል።