ለፈረስ መራራት የቤተ ሰብን ሀብት መጠበቅ ነው

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለው ተረት ከጦር ሜዳ የተገኘ ቢሆንም ለሰላም ጊዜም የሚሆን ምክር አለበት። ፈረስ ድርሻውን፣ ይኸውም ማድረሱን፣ ከፈጸመ በኋላ የቀረው ሁሉ የሰው ግዴታ ነው። መመገቡ፣ ማጠጣቱ፣ ቁስሉን ማጠቡ፣ በድካሙ ጊዜ ማሳረፉ የባለቤቱ ፈንታ ነው። ይህን የዘነጋ ባለ ፈረስ በእንስሳው ላይ ግፍ ከመሥራቱም በላይ የገዛ ልጆቹን እንጀራ ይቀንሳል።

የቀድሞ ታላላቅ ሰዎች በፈረሳቸው ስም ይጠሩ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ተብለዋል። በ1870ዎቹ ዓመታት አስመራን መቀመጫቸው ያደረጉትና በጥር ወር 1879 ዓ.ም. በዶጋሊ ድል ያደረጉት ራስ አሉላም አባ ነጋ በሚለው የፈረስ ስማቸው ይታወሳሉ። ያ ክብር ግን የጌታ ፈረስ ክብር ነበር። ማረሻና ጋሪ የሚስበው ፈረስ ስም አይወጣለትም፤ ሆኖም የአንድ ቤተ ሰብ ኑሮ በአራቱ እግሮቹ ላይ የቆመ ነው።

የጥንቃቄ ጉድለት ምን ያህል ኪሳራ እንደሚያመጣ ለማወቅ የሚሻ ሰው ከምጽዋ በስተ ደቡብ የምትገኘውን የዙላን ታሪክ ይመልከት። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር አዛዥነት ወደ መቅደላ ለመዝመት በዙላ ባሕር ዳር ሲወርድ፣ ከልዩ ልዩ አገሮች የተገዙ ብዙ ሺሕ በቅሎዎችም አብረው ከመርከብ ወረዱ። ለግዢው ገንዘብ አልጐደለም፤ የጐደለው ጠባቂ፣ ማሰሪያ ገመድና ውሃ ነበር። የሚጠጣው ውሃ ከባሕሩ በእንፋሎት እየተጣራ የሚገኝ ስለ ነበረ ለሁሉ አልበቃም። ጠባቂ ያልተመደበላቸው በቅሎዎች በሜዳው ተበተኑ፤ ብዙዎቹም በጥማትና በበሽታ አለቁ። ፈረሶቹንም በሽታ ስለ ፈጃቸው ወደ ደጋው ማውጣት ግድ ሆነ። እንስሳቱን ለመግዛትና ባሕር ለማሻገር የወጣው ብዙ ገንዘብ በገመድና በባልዲ ውሃ እጦት ጠፋ።

ለመንግሥት ጦር ያልቀረ ኪሳራ ለአንድ ድኻ ቤተ ሰብ ጥፋት እንደሚሆን ግልጽ ነው። በጎጃም በአዊ አገር ፈረስ እንደ በሬ ያርሳል፣ እህል ያጓጕዛል፣ በበዓልም ይጋለባል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር፣ ተሸልመው የሚወጡት ፈረሶች በየገበሬው ቤት ያደጉ ናቸው። እንዲህ ያለውን ጥቂት ፈረስ ይዞ የሚኖር ቤተ ሰብ የሚጠብቀው የመጀመሪያው ደንብ፣ ፈረስን ከማብዛት በፊት ሣርንና ውሃን መቍጠር ነው። 250 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ያገር ፈረስ በቀን ወደ 5 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ደረቅ መኖ ያስፈልገዋል፤ በሥራና በሙቀት ቀንም እስከ 30 ሊትር ውሃ ሊጠጣ ይችላል። ለሁለት ፈረስ የሚበቃ ድርቆሽ ያለው ሰው አራት ቢያስር አራት የተራቡ ፈረሶች ይኖሩታል እንጂ ሀብቱ አይጨምርም።

ፈረስ እንደ ላም አያመሰኳም፤ ጨጓራውም ከሰውነቱ ጋራ ሲመዛዘን ትንሽ ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ጾሞ ማታ ገብስ የሚከመርለት ፈረስ በሆድ ቁርጠት ይያዛል፤ የበላውን ማስመለስ ስለማይችልም ሕመሙ ብዙ ጊዜ ለሞት ያደርሰዋል። ጥቂት ጥቂት አድርጎ ደጋግሞ ማብላት፣ ከእህል አስቀድሞ ሣር ወይም ጭድ መስጠት ከመድኃኒት ይሻላል።

ባዝራ የምታረግዘው 11 ወር ያህል ነው። በእርግዝናዋ መጨረሻ ሸክም ሊቀነስላት፣ ውርንጭላውም በተወለደ በጥቂት ሰዓት ውስጥ እንገሩን ሊጠባ ይገባል፤ ከበሽታ የሚከላከልለትን ኃይል የሚያገኘው ከእንገሩ ነውና። ዐጥንቱ ሳይጠነክር በሁለት ዓመቱ ጋሪ የሚጠመድ ፈረስ ገና በጕልምስናው ያነክሳል። የአንድ ዓመት ትርፍ ለማግኘት ተብሎ የብዙ ዓመት አገልግሎት ይጠፋል።

በከተማ ጋሪ ላይ የሚታየው ዋናው ጕዳት የማሰሪያ ቁስል ነው። በደረትና በጀርባ ላይ የሚፈገፍግ ገመድ ቆዳውን ይልጣል፤ ዝንብም ይሰፍርበታል። በኢትዮጵያ ከተሞች የጋሪ ፈረሶችን አጥብቆ የሚያሠቃየው፣ በቆዳ ሥር እንደ ገመድ እየተከታተለ የሚያብጥና የሚመግል የፈንገስ በሽታ ወደ ሰውነት የሚገባው በእንዲህ ያለ ቁስል ነው። ሕክምናው ረዥምና ውድ ነው፤ መከላከያው ግን ለስላሳ ጨርቅ ከማሰሪያው ሥር ማድረግ፣ ቁስልን በንጹሕ ውሃ ማጠብና የታመመውን ፈረስ ዕቃ ለጤነኛው አለማዋስ ነው። ሰኮናም በየቀኑ ሊጠረግ፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ሊስተካከል ይገባል።

ከሁሉ የሚከፋው የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የተባለው ነው። ይህን በሽታ የሚያዛምቱት ከምሽት እስከ ንጋት የሚናከሱ በጣም ትናንሽ ዝንቦች ሲሆኑ፣ ከያዛቸው ፈረሶች መካከል ከመቶ እስከ 95 ሊገድል ይችላል። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ1959 እስከ 1961 ዓ.ም. በመካከለኛው ምሥራቅና በእስያ በተዛመተ ጊዜ ከ300,000 በላይ የጋማ ከብት ፈጅቷል። በቢሾፍቱ የሚገኘው የእንስሳት ጤና ተቋም ክትባቱን ያዘጋጃል። ፈረስን አስቀድሞ ማስከተብና ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ጋጣ ማስገባት የቤተ ሰቡ ሁሉ ሥራ መሆን አለበት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ከባዱ ጕዳይ የእርጅና ነገር ነው። ያረጀ በሬ ታርዶ ዋጋውን ይመልሳል። ፈረስ ግን ሥጋው በክርስቲያኑም በእስላሙም ዘንድ ስለማይበላ፣ መሥራት ባቆመ ቀን ዋጋው ባዶ ይሆናል። ስለዚህም ብዙዎች እግሩ የተሰበረውን ወይም ያረጀውን ፈረስ ከመንገድ ዳር ይለቁታል፤ ሌሊት ጅብ እስኪደርስበትም በመኪናዎች መካከል ቆሞ ይውላል። ይህን የሚያደርገው ሁልጊዜ ጨካኝ ሰው አይደለም፤ ለልጆቹ እህል ያጣ አባትም ያደርገዋል። ለዚህ መድኃኒቱ አስቀድሞ ማሰብ ነው። ከየገበያው ቀን ጥቂት ሳንቲም ለፈረሱ መኖና ሕክምና ቢለይ፣ ሲደክምም ቀላል ሥራ ቢሰጠው ዕድሜው ይረዝማል። ሊድን የማይችል ከሆነም ሳይሠቃይ እንዲሞት በእንስሳት ሐኪም እጅ ማሳረፍ ለጅብ ከመተው ይልቅ የታማኝ አገልጋይ ዋጋ ነው።

ይህ ሸክም ለባለ ፈረሱ ብቻ የሚተው አይደለም። ዕቃ የሚያስጭን ነጋዴ አንድ ጆንያ በላይ በማስጨመሩ ያተረፈ ይመስለዋል፤ ፈረሱ በዳገት ሲወድቅ ግን ዕቃውም ይሰበራል፣ የነገው ማጓጓዣም ይጠፋል። አስተዳዳሪም በገበያ መግቢያ የውሃ ገንዳ ቢያሠራ፣ ጥላ ያለው የጋሪ ማቆሚያ ቢለይ፣ የጭነትን ልክ ቢወስንና የክትባትን ጊዜ አስቀድሞ ቢያስነግር፣ ወጪው ትንሽ ሆኖ ጥቅሙ በየድኻው ቤት ይገባል። ፈረሱ የማድረስ ድርሻውን በየቀኑ ይፈጽማል፤ የቀረው ድርሻ የባለቤቱ፣ የነጋዴውና የአስተዳዳሪው ነው።