ጠላቂ ዋናተኛ ክብደት ለምን ይታጠቃል? ለምንስ ቶሎ መጣል መቻል አለበት?

ቡና በሚለቀምበት ወቅት ቦንጋ አካባቢ ወደሚገኝ የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያ ብትሄዱ፣ ቀዩ እሸት መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ሲገባ ታያላችሁ። ደህናው ፍሬ ይሰምጣል። ነፍሳት የበሉት፣ ውስጡ ባዶ የሆነው ወይም ዛፉ ላይ እንዳለ የደረቀው ይንሳፈፋል። ፍሬውን አንድ በአንድ መመርመር አያስፈልግም፤ ውሃው ራሱ ይለየዋል።

ይኸው ሕግ ሰው ላይም ይሠራል። በዜና ላይ «የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት አመራር ኮሚሽን ጠላቂ ዋናተኞች» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። አየር በሲሊንደር ተሸክሞ ውሃ ውስጥ የሚሠራ ሰው እንደ ባዶ ፍሬ መንሳፈፍም፣ እንደ ደህና ፍሬ ዝም ብሎ መስመጥም አይፈልግም። መሃል ላይ መቆየት ነው የሚፈልገው። ለዚህም ክብደት ይታጠቃል። አደጋ ሲመጣ ግን ያንኑ ክብደት በሰከንዶች ውስጥ መጣል መቻል አለበት። እንዴት?

ውሃ የሚገፋው በምን ያህል ነው?

መልሱን ከ2,200 ዓመት በፊት የኖረው አርኪሜድስ ሰጥቶናል፦ ውሃ ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ ቦታ ያስለቀቀውን ውሃ ክብደት ያህል ወደ ላይ ይገፋል።

እስቲ በቁጥር እንየው። አንድ ዋናተኛ ከነዕቃው 100 ሊትር ቦታ ይይዛል እንበል። በወንዝ ወይም በሐይቅ ውሃ ውስጥ 100 ሊትር ውሃ ስለሚመዝን፣ ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል 100 ኪሎ ያህል ነው። ዋናተኛው ከነዕቃው 95 ኪሎ ከሆነ ይንሳፈፋል። መሃል ላይ ለመቆየት 5 ኪሎ ያህል ይጎድለዋል ማለት ነው።

ባሕር ውስጥ ቢገባስ? የባሕር ውሃ ጨው ስላለበት 100 ሊትሩ 102.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ ያው ሰው 2.5 ኪሎ ያህል መጨመር አለበት። በባሕር የለመደውን ክብደት ታጥቆ ጎጀብን የመሰለ ወንዝ ውስጥ ቢገባ ደግሞ ከሚገባው በላይ ይከብደዋል።

ድንጋይ አይበቃም?

የተለመደው ማክበጃ እርሳስ ነው (የምንጽፍበት ሳይሆን ብረቱ)። ምክንያቱ እፍግታው ነው። አንድ ሊትር የሚያክል እርሳስ 11.3 ኪሎ ይመዝናል፤ ያንኑ የሚያክል ተራ ድንጋይ ግን 2.7 ኪሎ ገደማ ነው። አንድ ኪሎ ድንጋይ ውሃ ውስጥ ሲገባ ከክብደቱ ከሲሶ በላይ ያጣል። አንድ ኪሎ እርሳስ ግን የሚያጣው 90 ግራም ያህል ብቻ ነው። በቃ፣ ትንሽ ቦታ ይዞ ብዙ ይከብዳል።

መጣል የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ዋናተኛው ደክሞታል፣ አየሩ አልቋል፣ ከውሃው በላይ ብቅ ብሏል፤ ግን አፉን ከውሃ በላይ አድርጎ መቆየት አቃተው። የሰው ጭንቅላት 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ውሃ የሚሸከመው ውስጡ ያለውን ነገር ብቻ ስለሆነ፣ ከውሃ የወጣውን ጭንቅላት ደግፎ የሚይዝ ተጨማሪ ኃይል ያስፈልጋል። 5 ኪሎ እርሳስ ከወገቡ ላይ ከወደቀለት ወደ 4.5 ኪሎ የሚጠጋ የመንሳፈፍ ኃይል ወዲያው ያገኛል። እግሩ እየደከመ ሲታገልበት የነበረውን ሥራ ውሃው ይረከበዋል።

የሚያሳዝነው ነገር፣ በጠላቂ ዋናተኞች ሞት ላይ የተደረጉ ምርመራዎች ደጋግመው እንዳሳዩት፣ ብዙዎቹ ሟቾች የተገኙት ክብደታቸውን እንደታጠቁ ነው። በድንጋጤ ሰዓት እጅ የሚሠራው የለመደውን ብቻ ነው። ከባድ የሆነው ማሰብ እንጂ መፍታት አይደለም።

ያለጊዜው መንሳፈፍም ይገድላል

ታዲያ ክብደቱ በቀላሉ እንዲወድቅ ብናደርገው አይሻልም? አይሻልም። ጥልቀት ውስጥ ሳለ በስህተት ቢወድቅ ዋናተኛው እንደ ቡሽ ሽቅብ ይወረወራል። ወደ ላይ በወጣ ቁጥር የውሃው ግፊት ስለሚቀንስ ሳንባው ውስጥ ያለው አየር ይለጠጣል። ትንፋሹን ከያዘ ሳንባው ሊቀደድ ይችላል።

እዚህ ላይ ከፍታም ይገባበታል። ባሕር ውስጥ 10 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ 1 ሊትር አየር ከላይ ሲደርስ 2 ሊትር ይሆናል። ቦንጋ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊትም ከባሕር ዳርቻው በአምስት አንድ ያህል ያንሳል። በዚህ ከፍታ ላይ ባለ ውሃ ውስጥ ያው 1 ሊትር አየር 2.2 ሊትር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ደጋ ላይ የሚጠልቅ ሰው ይበልጥ መጠንቀቅ አለበት።

መንሳፈፍ ሁልጊዜ መዳን እንዳልሆነ የሚያሳይ መራራ ምሳሌ በአገራችን ታሪክ አለ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 961 ነዳጁ አልቆ ኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ። ካፒቴን ልዑል አባተና ረዳታቸው ዮናስ መኩሪያ ግን ከተረፉት መካከል ነበሩ። ከሟቾቹ መካከል የሕይወት አድን ጃኬታቸውን አውሮፕላኑ ውስጥ እያሉ በአየር የሞሉ ነበሩ። ውሃው ሲገባ ጃኬቱ ወደ ጣሪያው አነሳቸው፤ ዝቅ ብለው ወደ መውጫው መድረስ አልቻሉም። ጃኬቱ ጥሩ ነበር፤ ጊዜው ነው ያልሆነው።

ታዲያ የትኛው ይመረጣል?

በብዛት የሚታዩት ሁለት ዓይነት ናቸው።

*ቀበቶ፦* እርሳሱ ቀበቶ ላይ ይደረደራል፤ ዘለበቱ በአንድ እጅ ይፈታል። ርካሽና ቀላል ነው። ችግሩ፣ የመጥለቂያ ልብሱ በውስጡ ጥቃቅን የአየር አረፋ ያለው ጎማ ስለሆነ በጥልቀት ይጨመቃል፤ ያኔ ቀበቶው ይላላል፣ ይዞራል። ዘለበቱ ጀርባ ላይ ከሄደ ማን ያገኘዋል?

*የጃኬት ኪስ፦* እርሳሱ ጃኬቱ ላይ ባሉ ኪሶች ይገባል፤ እጀታውን ሲጎትቱት ኪሱ ተነቅሎ ይወጣል። ወገብ አያምም፣ ቦታውንም አይለቅም። ግን መያዣው ቬልክሮ ከሆነ እያረጀ ይላላል። ጃኬቱን ውሃ ውስጥ ያወለቀ ሰውም ክብደቱ ሁሉ አብሮት ስለሚሄድ እሱ ወደ ላይ፣ ጃኬቱ ወደ ታች ይሆናሉ።

የትኛውንም ቢመርጡ እነዚህ ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው፦

• ዓይን ተጨፍኖ፣ ጓንት ተደርጎ፣ በየትኛውም አንድ እጅ ይፈታል?
• ሳይነኩት ራሱ አይፈታም?
• ሲፈታ ሌላ ማሰሪያ ሳይዘው በነጻ ይወድቃል?
• በየተራ መጣል ይቻላል? ለመንሳፈፍ የሚበቃውን ብቻ መጣል፣ ሁሉንም በአንዴ ከመጣል ይሻላል።
• አብሮ የሚጠልቀው ጓደኛ አፈታቱን ያውቃል?

በባልዲ ሞክሩት

ግማሽ ሊትር የሚይዝ ባዶ ሃይላንድ ክዳኑን ዝጉ። 800 ግራም ገደማ ድንጋይ በክር እሰሩበትና ጥልቅ ባልዲ ውስጥ ክተቱት። ትንሽ እየቀነሳችሁ ወይም እየጨመራችሁ መሃል ላይ ለማቆም ሞክሩ። ከዚያ አንድ ጊዜ በጠባብ ቋጠሮ፣ ሌላ ጊዜ እንደ ጫማ ክር አንዴ ሲጎትቱት በሚፈታ ቋጠሮ እሰሩት። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በአንድ እጅ ስትፈቱት ስንት ሰከንድ ይፈጃል? ሁለቱንም መዝግቡ። በመጨረሻም ውሃው ላይ ብዙ ጨው ጨምራችሁ ምን እንደሚለወጥ ተመልከቱ።

ይህን ግን ወንዝ ውስጥ፣ በራሳችሁ ላይ በፍጹም አትሞክሩ። ሰውነት ላይ ክብደት አስሮ መግባት ለሠለጠነና ጓደኛ አብሮት ላለ ሰው ብቻ የተፈቀደ ሥራ ነው። የሠለጠነውም ቢሆን ውሃ ከመግባቱ በፊት ደጋግሞ የሚለማመደው ክብደቱን መታጠቅ ብቻ ሳይሆን መፍታቱንም ነው።