ንዳዱ ከለቀቀ በኋላ በአጥንት ውስጥ የሚቀረው ሥራ

ለሥራ ጉዳይ ወደ ጁባ ሄደን ሳለ አንድ ጧት ወደ ወደቡ ወረድን። ወደቡ በነጭ ዓባይ ዳር፥ የሀገሩ ሰው ባሕር ኤል ጀበል በሚለው ወንዝ ላይ የሚገኝ ሲሆን፥ እህልና ልዩ ልዩ ሸቀጥ የጫኑ ጀልባዎች ወደ ቦርና ወደ ማላካል የሚነሡት ከዚህ ነው። ዝናቡ በገባ ጊዜ በዳርቻው ውሃ ይቋጥራል፤ የወባ ትንኝም ይበዛል።

በዚያም ለአንድ ነጋዴ ዕቃ የሚያስጭን የሀገራችንን ሰው አገኘን። ፊቱ ገርጥቶ፥ ጥቂት በተራመደ ቁጥር ይቀመጣል። ወባ ይዞት መድኃኒቱን ከጨረሰ ሰባት ቀን ሆኖታል። «ንዳዱስ ለቀቀኝ፤ ጉልበቴ ግን አልተመለሰልኝም። አሠሪዬም ሰነፍህ እያለ ሊያሰናብተኝ ነው» አለን።

አሠሪው እንዲህ የሚለው በሠራተኛው አጥንት ውስጥ የተደረገውን ባለማወቁ ነው። ደም የሚሠራው በግዕዝ አንጕዕ፥ በአማርኛ መቅኔ በሚባለው ለስላሳ ነገር ውስጥ ነው፤ በሕፃን በአጥንቶቹ ሁሉ፥ በጎልማሳ ግን በተለይ በዳሌ፥ በደረት፥ በጎድንና በአከርካሪ አጥንት። ጤነኛ ሰው በየቀኑ 200 ቢሊዮን ያህል ቀይ የደም ሕዋሳት ይፈጠሩለታል፤ እያንዳንዱም 120 ቀን ያህል ይኖራል። የእነዚህና የነጮቹ ሕዋሳት ሁሉ እናት የሆኑ፥ ግንድ ሕዋሳት የሚባሉ ጥቂቶች አሉ። ቲልና ማኩሎክ የተባሉ ሁለት የካናዳ ሊቃውንት በ1961 እ.ኤ.አ. በአይጥ ላይ ባደረጉት ምርመራ የእነዚህን መኖር አስረድተዋል። ግንድ ሕዋሳቱ አብዛኛውን ጊዜ ተኝተው ይቆያሉ፤ የዕለቱን ሥራ የሚሠሩት ልጆቻቸው ናቸው።

ድንገተኛ በሽታ በገባ ጊዜ ግን እንደ ኢንተርፌሮን ያሉ መልእክተኞች በደም ተጉዘው ወደ መቅኔው ይደርሳሉ። መቅኔውም በጎተራው ያኖራቸውን ነጭ ሕዋሳት አስቀድሞ ይልካል፤ ያ አልበቃ ሲል ገና ያልበሰሉትን ይለቃል። በሳንባ ምች የታመመ ሰው ደም በማይክሮስኮፕ ሲታይ እነዚህ ጮርቃ ሕዋሳት ይገኛሉ። (በወባ ጊዜ የነጮቹ ቁጥር ብዙ ላይጨምር ይችላል።) የተኙት ግንድ ሕዋሳትም ነቅተው መከፋፈል ይጀምራሉ፤ ሥራውም ወደ ነጩ ወገን ያዘነብላል። የጎረቤት ቤት ሲቃጠል ምጣዷን ጥላ እንደምትሮጥ እመቤት፥ መቅኔው የቀዩን ደም ሥራ ወደ ኋላ ያቆየዋል። ለዚሁ ሥራ የሚያስፈልገውንም ብረት ሰውነት ጀርሞች እንዳይጠቀሙበት ይሸሽገዋል።

በወባ ላይ ይህ ጉዳት ይደራረባል። ተውሳኩ ቀዩን ሕዋስ ሰብሮ ይወጣል፤ ጣፊያም ያልተነኩትን ሳይቀር ይፈጃል፤ ተውሳኩ የሚተወው ጥቁር ቀለምም በመቅኔው ውስጥ የሚያድጉትን ጨቅላ ቀይ ሕዋሳት ያሰናክላል። የሚያስደንቀው ደግሞ ፋልሲፓረም የተባለው ተውሳክ ወደ ትንኝ የሚሻገሩትን ዘሮቹን የሚያበስለው በዚያው በመቅኔው ውስጥ ተደብቆ መሆኑ ነው። የለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ሊቃውንትም በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፥ የአይጥ ወባ ግንድ ሕዋሳቱን ከዕረፍታቸው ከማናወጡ በቀር የሚኖሩበትን ሥፍራ ጭምር እንደሚጎዳ አሳይተዋል።

ከልጅነቱ ወባን ያልለመደ ደገኛ ወደ እንዲህ ያለ ቆላ ሲወርድ በብርቱ ይታመማል። በሀገራችን በ1958 እ.ኤ.አ. ወረርሽኙ ወደ ደጋው አፋፍ በወጣ ጊዜ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ፥ 150,000 ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል።

እንግዲህ ንዳዱ ለቀቀ ማለት ደሙ ተመለሰ ማለት አይደለም። መድኃኒቱ ተውሳኩን ከገደለ በኋላም ደም ለጥቂት ቀናት ሊቀንስ ይችላል፤ እስኪሞላም ሳምንታት ይፈጃል። እናቶች የልጃቸውን መዳፍና የታችኛውን የዓይን ሽፋን ውስጡን ይመልከቱ፤ ነጥቶ ከታየ፥ ወይም ልጁ ትንፋሽ ካጠረው፥ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ቤት ይውሰዱት። ነፍሰ ጡርም እንዲሁ ናት። ብረት ያለበትን ክኒን ከሱቅ ገዝቶ በራስ ፈቃድ መዋጥ ግን የምንደግፈው ነገር አይደለም።

ያን ሰው ደሙን እንዲያስመረምር ሸኘነው፤ ለአሠሪውም ነገሩን አስረዳነው። እሱም ጥቂት አጉረምርሞ ዕቃ ቆጣሪ አደረገው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከጁባ ልንነሣ ስንል በወደቡ አገኘነው። መዳፉ መቅላት ጀምሯል፤ ጆንያውን ግን ገና ከሌላ ሰው ጋር ተጋግዞ ያነሣ ነበር።