ተጨማሪ መረጃ፦ ጨርቅ አበጣሪው እሾህ

ቲዝል ቁመቱ ከሰው ቁመት የሚስተካከል፣ አበባ የሚይዘው ራሱ በእሾህ የተሸፈነ የአውሮፓ ተክል ነው። ስሙ የወረደው ከጥንታዊው እንግሊዝኛ ነው፤ ሥሩም «ሱፍ ባዘተ» የሚል ትርጉም ያለው ግስ ነው። ዛሬ እንግሊዞች «አበሸቀ፣ ነካካ» ለማለት የሚጠቀሙበት «ቲዝ» የሚለው ቃል የመጣው ከዚሁ ግስ ነው። በሱፍ ላይ ይሠራ የነበረው መጎተትና መነካካት ወደ ሰው ተሻገረ ማለት ነው።

ስሙ ከማባዘት ይምጣ እንጂ ተክሉ የሚፈለገው ጨርቁ ከተሸመነ በኋላ ነበር። የሱፍ ጨርቅ በውሃ ተረግጦ ከጠበቀና ከወፈረ በኋላ፣ የደረቁ የቲዝል ራሶች በእንጨት ማቀፊያ ተደርድረው እርጥቡ ጨርቅ ይበጠርባቸው ነበር። የሱፉ ጭረት ከጨርቁ ፊት ብድግ ሲል በትልልቅ መቀስ እኩል ይከረከም ነበር። ለስላሳው ገጽታ ይገኝ የነበረው በዚህ መንገድ ነው።

የዱሩ ቲዝል እሾህ ቀጥ ያለ በመሆኑ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ገበሬዎች የሚያለሙት ዝርያ ግን ጫፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀው ደግሞ የእሾሁ ገርነት ነው። እሾሁ ቋጠሮ ሲያጋጥመው ራሱ ይሰበራል እንጂ ጨርቁን አይቀድም፤ የብረት ሽቦ ግን ሊቀድ ይችላል።

በቲዝል የተሞላ ከበሮ የሚያሽከረክር መሣሪያ ሲስፋፋ ሠራተኞች እንጀራችንን ሊነጥቅ ነው ብለው ሰጉ። በ1802 እ.ኤ.አ. በእንግሊዟ ዊልትሺር ጨርቅ ከርካሚዎች በእነዚህ መሣሪያዎች ላይ ተነሡ፤ ፋብሪካም ተቃጠለ።